የቦንቱ ግራ ዓይን

መስከረም 20

ዛሬም ሰልፍ። የንግድ ፈቃድ እድሳት ከተጀመረ ወዲህ የቢሯችን ኮሪደር መናኸሪያ ሆኗል። ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ሲስተሙም አብሮ። "ነገ ኑ" ብዬ ስመልስ አንድ ሽማግሌ "አንቺ ጋ ነገ እንጂ ዛሬ የለም ማለት ነው" አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ቦንቱን ላመጣት ስሄድ አስተማሪዋ ሎሚ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ሃዳ ቦንቱ፣ የቦንቱ እናት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ እስቲ።" ሰሌዳ ስታነብ አንገቷን ታዞራለች አለችኝ። በግራዋ ከምትቀመጠው ልጅ ጋርም ሁልጊዜ ትጋጫለች። ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ከገባች ገና ሁለት ሳምንቷ። ስለማትረጋ ነው አልኩ። ሎሚ ግን ዓይኗን አሳዪያት አለችኝ።

ቤት ገብተን ቀኝ ዓይኗን በመዳፌ ሸፈንኩት። ስንት ጣት ነው? "እማ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?"

መብራት መጥቶ ነበር።

መስከረም 23

ሆስፒታል ወሰድናት። የዓይን ክፍሉ ባለሙያ በትንሿ ባትሪ አየ። ደግሞ አየ። ግራው ውስጥ ቢጫ ነገር አለ፣ መነጽር የሚፈታው አይደለም፣ ጅማ ውሰዷት አለ። ባሌ ነገራ "ምን ሊሆን ይችላል?" ሲለው ወደ እኔ ሳያይ "ዕጢ እንዳይሆን ነው" አለው።

ባሌ መንገድ ሙሉ በኦሮምኛ ሲጸልይ ነበር። እኔ አልጸለይኩም። ምን ብዬ? ቀን ስቆጥር ነው የመጣሁት… ፈቃድ ለመጠየቅ ሁለት ቀን፣ ለመንገድ አንድ ቀን።

መስከረም 29፣ ጅማ

ካንሰር አይደለም። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ካንሰር አይደለም።

ዶክተሩ አበጋዝ ይባላል። ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ያወራል። ወረቀት ላይ ሳለልን። ዓይን ከበስተኋላው ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለው፣ ሬቲና የሚሉት። ሬቲናው ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። የቦንቱ ግራ ዓይን ላይ ያሉት ከመነሻው በደንብ አልተሠሩም። እዚህም እዚያም እንደ ጨሌ ተነፋፍተው ያፈሳሉ። የሚያፈሱት ቅባት ያለበት ቢጫ ፈሳሽ ከሬቲናው ሥር ተጠራቅሞ ከቦታው አንስቶታል። ስሙ ኮትስ ነው አለ። ብርቅ በሽታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ልጆች ላይ፣ አንድ ዓይን ብቻ። ብርቅ… ከስንት ሺህ ልጅ መሀል የእኔን ሴት ልጅ ፈልጎ መጣ።

ከዚያ ፎቶ ጠየቀን። ኮትስ ያለበት ዓይን በፍላሽ ሲነሳ ቢጫ ወይም ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ፎቶ ይናገራል አለ። እኔ በስልኬ የማነሳት ቀን ቀን፣ ያለ ፍላሽ ነው። በፍላሽ ያነሷት ፎቶ አንሺው ጋሽ ሕሩይ ብቻ ናቸው። ሦስት ልደቷን በስቱዲዮ፣ ከዚያ የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃቷን ከነጋዋኑ። በቴሌግራም የላኩልኝን አሳየሁት። ሁለቱም ዓይኗ ጥቁር፣ ያማረ።

ዶክተሩ አጎላው። ደግሞ አጎላው።

"ይሄ ግራ ዓይኗ አይደለም" አለ። "ቀኙ ነው። ተገልብጦ ተለጥፏል።"

አልገባኝም። በጣቱ አሳየኝ። ቀኝ ዓይኗ ላይ የመብራቱ ነጥብ በአንድ በኩል ነው፣ ግራው ላይ በተቃራኒው። አንድ መብራት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይቆምም አለ።

ሳሎናችን ውስጥ ሦስት ዓመት የተሰቀለው… ስንት ጊዜ አቧራውን ጠርጌዋለሁ? ስንት እንግዳ ቁርጥ አንቺን አለኝ?

ጥቅምት 3

ከቢሮ በቀጥታ ስቱዲዮው ሄድኩ። ጋሽ ሕሩይን ነቀምት ውስጥ የማያውቅ የለም። አባታቸው ከወሎ መጥተው እዚህ ነው የወለዷቸው። ሰርጌን ያነሱት እሳቸው ናቸው። እንደ ወትሮው በሁለት ቋንቋ ተቀበሉኝ፣ "አከም ጅርታ ባዩሽ? ልጄ ደኅና ናት?"

"የቦንቱን ግራ ዓይን ምን አደረግከው?"

አንተ አልኩት። ከዛሬ በኋላ አንተ ነው።

ቢክድ ይሻለኝ ነበር። አልካደም። "አጸዳሁት። ቢጫ እየሆነ ያስቸግረኝ ነበር፣ ፍላሹ መስሎኝ።" ሁሉንም ልጅ እንደሚያጸዳ ነገረኝ። ቀይ የሆነውን፣ ያበራውን። ሰው የልጁ ዓይን እንደ ድመት ሲያበራ አይወድም አለ። በፊልሙ ዘመን በቀጭን ብሩሽ ይቀባው እንደነበር ጨመረልኝ። ሙያ ሊያስተምረኝ!

ያልተነካውን አውጣ አልኩት። አወጣው። ሦስት ዓመቷ… ግራው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢጫ፣ የማሽላ ፍሬ የምታህል። አራት ዓመቷ… ግማሹ። አምስት ዓመቷ… ሙሉው። በየዓመቱ አይቶታል። በየዓመቱ ቀኟን ቆርጦ ገልብጦ ለጥፎበታል። በንጽሕና ሠርቶታል፣ ያ ነው የሚያበግነኝ።

"ልጄ በዚያ ዓይን አታይም። በሽታ ነበር። ያንተ ፎቶ ላይ ነበር።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "እኔ… ፍላሽ መስሎኝ" አለ እንደገና። ጥዬው ወጣሁ።

ጥቅምት 5

መስሎኝ። መስሎኝ። መስሎኝ።

ፍላሽ ከሆነ ለምን አንዱን ዓይን ብቻ? ለምን ሁልጊዜ ግራውን? ሠላሳ ዓመት ካሜራ የያዘ ሰው አንድ ቀን ራሱን አይጠይቅም? አንድ ቀን "ባዩሽ፣ ይቺ ልጅ ዓይኗ ላይ የሆነ ነገር አለ" ቢለኝ ምላሱ ይወድቅ ነበር?

ነገራ አላወቀም ይለኛል። እኛስ አብረናት እየኖርን መች አወቅን ይላል። ልክ ነው፣ አላወቅንም። ግን እኛ አልሸፈንንም። እሱ ሸፈነ። ይህን ለነገራ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ወይም ሊረዳኝ አልፈለገም።

የሕሩይ ፋይል የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፈቃዱ ገና አልታደሰም። ጠዋት ገልጬ አየሁት፣ ዘጋሁት። ከሰዓት ደግሞ ገለጥኩት።

ጥቅምት 11፣ ጅማ

አደንዝዘው አስተኟት። ሁለት ሰዓት ተኩል። ዶክተር አበጋዝ የሚያፈሱትን ሥሮች በሌዘር አቃጠለ፣ ሌዘሩ ያልደረሰበትን ከውጭ በኩል በቅዝቃዜ። ስትነቃ አስመለሳት። ፋሻውን እየነካካች "አሁን ስታነሡት አያለሁ?" አለችኝ። ነገራ ወጣ። እኔ ልጅቷን ከነጥያቄዋ ጥዬ መውጣት አልቻልኩም። "አሁን እንዳያምሽ ነው" አልኳት።

እውነቱን ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ነግሮናል። የግራው ማየት አይመለስም፣ ሬቲናው ብዙ ቆይቷል። አሁን የምንሠራው ዓይኑ እየታመመ፣ ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ለመውጣት እንዳይደርስ ነው።

"በሦስት ዓመቷ ብናመጣትስ?"

"ምናልባት።"

"ምናልባት ማለት ምን ማለት ነው?"

"በሦስት ዓመቷ ትንሽ ነበር። ትንሹን ቶሎ ብንዘጋው መሀሉን ማዳን የምንችልበት ዕድል ነበረን። ግን አላየሁትም ወይዘሮ ባዩሽ፣ ያላየሁትን አልምልም።"

እኔ ግን እምላለሁ።

ጥቅምት 14

አሸግኩት።

ምክንያት አላጣሁም። ፈቃዱ የሚለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፣ እሱ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ይሠራል። ተቆጣጣሪያችን ዋጋሪ "ሁሉም ስቱዲዮ ይሠራል እኮ፣ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጠው" አለኝ። እኔ ነኝ ኃላፊዋ ወይስ አንተ? አልኩት። ዋጋሪ ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፉ ነገር አልተናገረኝም። ደብተሩን ይዞ ተከተለኝ።

ሕሩይ አልተከራከረም። ያ ትንሽ ቅር አሰኘኝ፣ ለመከራከሩ ነበር የተዘጋጀሁት። "እሸጊው ባዩሽ። ኮምፒዩተሩን ብቻ ላውጣ። የልጆቹን ፎቶ እያየሁ ነበር፣ አንድ—"

"በታሸገ ቤት ንብረት አይወጣም።"

"አንድ ልጅ—"

"ቅሬታ ካለህ በጽሑፍ አመልክት።"

ሙጫውን በእጄ ቀባሁ። ወረቀቱን በእጄ ለጠፍኩ፣ ግማሹ መዝጊያው ላይ፣ ግማሹ መቃኑ ላይ። ጎረቤት ያሉት ባለሱቆች ወጥተው ያዩ ነበር። ይዩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥቅምት 15

ተኛሁ። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ጥቅምት 24

በየቀኑ ይመጣል። ሰልፉ ላይ ይቆማል፣ ተራው ሲደርስ ወረቀቱን ይዘረጋል። ሐሙስ ማመልከቻህ በኦሮምኛ ይጻፍ ብዬ መለስኩት። ዓርብ በኦሮምኛ አመጣ፣ የቀበሌ ድጋፍ የለውም አልኩት። ዛሬ ድጋፉን ይዞ መጣ፣ ያለፈው ዓመት የግብር ክሊራንስ አልተያያዘም አልኩት። አያይዞታል፣ ከሥር ነበር። "ይታያል" አልኩና ከማመልከቻው ጋር ያቀበለኝን ፖስታ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ጨመርኩት።

"አንብቢው" አለኝ። "እባክሽ። ለሱቁ አይደለም።"

"ቀጣይ!" አልኩ።

ሲወጣ ጀርባው ጎብጧል። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ እዚህ?

ጥቅምት 30

ነገራ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌ ይዞ ገባ። ሕሩይ ኦርቶዶክስ ነው፣ የእነሱ ምእመን አይደለም፣ ግን ለእርቅ ሲባል ማን ይቀራል። ሰውየው ተጸጽቷል፣ ዲጋ ድረስ እየተመላለሰ የሆነ ልጅ ይፈልጋል አሉኝ። የሆነ ልጅ! የእኔ ልጅ ዲጋ አይደለችም፣ እዚህ ናት፣ ያቺውላችሁ፣ በግራዋ በኩል በር እየገጫት አልኳቸው። ሻይ አፍልቼ አጠጥቼ ሸኘኋቸው።

ከሄዱ በኋላ ነገራ "አንቺን እየፈራሁሽ ነው" አለኝ። በስምንት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጥሩ አልኩት። ልጄን ሲነኩ የምትፈራ እናት ትኑራት።

ኅዳር 9፣ ከጅማ መልስ

ሁለተኛው ሌዘር። የመጀመሪያው ሥራውን ሠርቷል፣ ብዙዎቹ ሥሮች ተዘግተዋል፣ ፈሳሹ መምጠጥ ጀምሯል። ዓይኑ ይተርፋል ማለት እንችላለን አለ ዶክተሩ። ማየቱ ሳይሆን ዓይኑ። በየሦስት ወሩ መታየት አለባት፣ ለዓመታት፣ ምክንያቱም አዲስ ሥር ተነፍቶ ሊያፈስ ይችላል። ጤነኛውን ዓይን ከአደጋ የሚጠብቅ መነጽርም ታደርጋለች።

ሮዝ መነጽር መረጠች። ስትመለስ መኪና ውስጥ ግራ ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ፣ ስትጨፍን ስትገልጥ… "እማ፣ ምንም ለውጥ የለውም" አለችኝ። እንደ ጨዋታ ነው ያለችው።

የሕሩይን በር ሳልፍ ወረቀቴ እንዳለ ነው። ዝናብ ትንሽ ጠርዙን አንስቶታል። ነገ አዲስ እለጥፍበታለሁ።

ኅዳር 24

ጠዋት የሕሩይ ሚስት ወሰኔ መጣች። ሰልፍ አልያዘችም፣ ቀጥታ ገብታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ልትለምነኝ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። "ደብዳቤውን አላነበብሽውም አይደል?" አለችኝ። ወደ መሳቢያው አየሁ። "አንብቢው፣ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

መሳቢያውን ከፈትኩ። አንድ ገጽ ነው። ስለ ሱቁ አንድ ቃል የለበትም።

እኔ ጥቅምት 3 ጥዬው ከወጣሁ በኋላ የዐሥራ አንድ ዓመት የልጆች ፎቶዎችን ያልተነኩትን አንድ በአንድ ማየት ጀምሯል፣ ሌላ እንዲህ ያለ ዓይን አጽድቼ እንዳይሆን ብሎ። ሱቁ ሲታሸግ ግማሽ አልደረሰም ነበር። ግን አንድ ትዝ ይለዋል። ሰኔ ላይ ዲጋ ለምርቃት ሄዶ ካነሳቸው መሀል አንድ ወንድ ልጅ፣ ዓይኑ ያበራ፣ ያጸዳው። ስሙን አያስታውስም። ሦስት መዋዕለ ሕፃናት ነው በዚያ ሳምንት የዞረው፣ ሁሉም ልጅ ጋዋንና ቆብ ለብሷል። ሁለት ጊዜ ዲጋ ሄዶ ጠይቋል፣ ፎቶውን አምጣ ብለውታል። ፎቶው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ እኔ ከለጠፍኩት ወረቀት ኋላ ነው።

"ያሸግሽ ዕለት ሊነግርሽ ነበር" አለች ወሰኔ። "አላስጨረስሽውም።"

ከወንበሬ ተነሣሁ። ዋጋሪ ወዴት ነሽ ሲለኝ አልመለስኩለትም። ወረቀቱን በጥፍሬ ነው የላጥኩት። ሕሩይ ከቤቱ ተጠርቶ መጣ፣ ሰላም አልተባባልንም። ኮምፒዩተሩን ከፈተ፣ አጠገቡ ቆምኩ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አገኘው። ቀኝ ዓይኑ። ከታች በኩል ነጭ፣ ገና ጠርዙ ላይ፣ የማሽላ ፍሬ የምታህል። ቦንቱ በሦስት ዓመቷ እንደነበረችው።

ከፎቶው ሥር፦ ኢፋ፣ አራት ዓመት። ስልክ ቁጥሩ አይሠራም።

ከጥቅምት 14 እስከ ዛሬ… አርባ ቀን።

ኅዳር 25

ዲጋ። ሁለተኛው መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ መምህሯ ፎቶውን አይታ ወዲያው አወቀችው። እናቱ ዱረቲ ትባላለች፣ ገበያው ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ከእኔ ታንሳለች። ፎቶውን ሳሳያት መጀመሪያ ሳቀች፣ ልጇን በቆብ አይታ ደስ ብሏት። ከዚያ ዓይኑን አሳየኋት። በኦሮምኛ ቀስ ብዬ ነገርኳት፣ ዶክተሩ ለእኔ እንደነገረኝ። ኢፋ ከጆንያዎቹ መሀል ወጥቶ እጄን ያዘኝ። አላወቀኝም፣ ሰው ይወዳል መሰለኝ።

ዱረቲ "ገለቶሚ" አለችኝ። አመሰገነችኝ! የምገባበት ጠፋኝ።

ሕሩይ መኪና ውስጥ ቀረ። ወርዶ እንዲያያት አልፈቀድኩለትም። አሁንም ላየው አልፈልግም። ይቅርታ ያደረግኩለት እንዳይመስለው። ሲመለስ ሱቁ ክፍት ይሆናል፣ ፈቃዱም ታድሷል፣ ያ ሥራዬ ነው። ይቅርታ ግን ሌላ ነው።

ታኅሣሥ 1፣ ጅማ

ዶክተር አበጋዝ ኢፋን አንድ ሰዓት ያህል መረመረው። ያው በሽታ ነው። ኮትስ። ሌዘር ይሠራል፣ ነገ ጠዋት ያስተኙታል። ከቦንቱ በብዙ ይሻላል አለ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ከዚያ "ግን" አለ። ፈሳሹ መሀሉን መንካት ጀምሯል። ጥርት ብሎ የሚያየው የመሀሉ ቦታ ነው። የነካው በቅርብ ነው አለ፣ ሳምንታት ይሆናሉ። ስንት ሳምንት? አላውቅም አለ። ከመንካቱ በፊት ቢመጣ? ምናልባት።

ያችን ቃል ለዱረቲ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ኦሮምኛ አይችልም፣ ነርሷ አልነበረችም። ምናልባት ማለት በኦሮምኛም ያው ነው… ሰው እጅ ላይ አይጨበጥም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ኢፋ ጭኗ ላይ ተኝቷል። "ዮም?" አለችኝ። መቼ? ፎቶው መቼ ተገኘ?

ባለፈው ሮብ ማለት እችል ነበር። እውነት ነው፣ የተገኘው ባለፈው ሮብ ነው። ተጨማሪ የምትጠይቀኝ አልነበረችም፣ ታምነኛለች። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሰውየው ልጅሽን መፈለግ ከጀመረ ሁለት ወር ይሆናል" አልኳት። "አርባ ቀን የዘገየው በእኔ ነው። ሱቁን አሽጌው ነበር። ሊነግረኝ ሲል አላዳመጥኩትም። ደብዳቤም ጽፎልኝ አላነበብኩትም።"

ለምን አለችኝ። ስለ ቦንቱ ነገርኳት። ይገባታል ብዬ። እናት ናት፣ ይገባታል ብዬ። ሰማችኝ። ልጇን ከጭኗ ወደ ደረቷ አነሣችው። እንደዚያ ዓይነት አተያይ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም፣ እኔ ሌላውን እንደዚያ አያለሁ እንጂ መች ታይቼ አውቃለሁ።

እስክሪብቶ አለሽ? አለች። ሰጠኋት። የሪፈር ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ገለበጠችው።

"መቃን ኬ ሆ?"

ስሜን ነገርኳት። የአባቴን፣ የአያቴን። የምሠራበትን ቢሮ፣ የክፍሉን ስም፣ ቅሬታ የሚቀርብበትን። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ቀስ ብላ ጻፈችው። የአባቴን ስም ስትሳሳት አረምኳት።